ቫኩም ማሸጊያ ማሽን ለረጅም የእግር ጉዞ ምግብ፦ ሁለት አመት ተጠቅሜበት ያየሁት

ከአምስት ኮከብ ሶስት። ቀድሜ የምናገረው ሁሉም ሰው እስከ መጨረሻ እንደማያነብ ስለማውቅ ነው፣ እኔ ራሴ የሰው ሪቪው ሳይ ኮከቡን ቆጥሬ ነው የምወጣው። አንዱ ኮከብ የተቀነሰው በማሽኑ ጥፋት ነው፣ ሌላኛው ግን ካርቶኑ ላይ በትልቁ በተጻፈችው "ምግብዎን እስከ 5 እጥፍ ያቆያል" በምትለው ነገር። እሷን አምኖ የሚገዛ ሰው ራሱን ሆስፒታል ሊያስገባ ይችላል፣ እያጋነንኩ አይደለም፣ እመለስበታለሁ።

የማወራው ስለ የትኛው እንደሆነ ላስረዳ፣ እነዚህ ኩሽና ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጡት ናቸው፣ ርዝመቱ ከክንድ አይበልጥም፣ ክዳኑን ከፍታችሁ የላስቲኩን አፍ ታስገባላችሁ፣ ትጫናላችሁ፣ እየጮኸ አየሩን ጎትቶ ያወጣና በጋለ ሽቦ አፉን አቅልጦ ያጣብቀዋል። የፋብሪካውን ስም አልጠራም፣ ጓደኞቼ ጋር ያሉትን ሌሎች ሁለት ማርኮችም ሞክሬያለሁ፣ ጸባያቸው ተመሳሳይ ነው።

የገዛሁት ለስምንት ቀን ጉዞ ስንዘጋጅ ነው፣ መሃል ላይ አንድም ሱቅ የሌለበት መንገድ። ረጅም የሚሄድ ሰው ብዙውን ጊዜ በቀን ከ600 እስከ 900 ግራም ምግብ ይይዛል፣ እኔ 700 ብዬ ሳሰላው 5.6 ኪሎ ሆነ፣ ድንኳኑም ውሃውም ሳይጨመር። የገዛሁትን ሁሉ ወለል ላይ ዘርግቼ ሳየው ግማሹ ካርቶንና አየር ነው። ፓኬት ውስጥ ሌላ ፓኬት፣ እሱ ውስጥ ደሞ ተደርድሮ የተቀመጠ ብስኩት። ካርቶኑን ምናምኑን ነጥዬ የኩሽና ሚዛን ላይ ሳስቀምጠው 430 ግራም መጣ! ከአንድ ቀን ምግቤ ግማሹን የሚበልጥ ክብደት፣ ያውም የማይበላ፣ ደሞ ተሸክሜው ሄጄ ተሸክሜው የምመለሰው ቆሻሻ።

ከዚያ በፊት ባለ ጉዞ ሌላ ትምህርት ወስጄ ነበር። ፋብሪካ ከነአየሩ ያሸገው ነገር ከፍታ ላይ ሲወጣ ይነፋል፣ 3000 ሜትር ላይ ያለው የአየር ግፊት ባህር ጠለል ላይ ካለው 70 በመቶ ገደማ ብቻ ስለሆነ ውስጥ ያለው አየር ወደ ውጪ ይገፋል። ፓኬቶቼ በሙሉ እንደ ፊኛ ተወጥረው ቦርሳው አልዘጋ አለኝ፣ አንዷ ደሞ ማታ ላይ ቧ ብላ ፈነዳች፣ ፍርፋሪዋን ለሶስት ቀን ከካልሲዬ ውስጥ ስለቅም ነበር። ቫኩም የተደረገ ነገር እንደዚህ አያደርግም፣ ውስጡ የሚነፋ አየር የለውማ።

እና ማሽኑ መጣ፣ መጀመሪያ የሞከርኩት ለውዝ ላይ ነው። እውነት ለመናገር ማየቱ ብቻ ደስ ይላል፣ ላስቲኩ ቀስ እያለ ይጠጋል ይጠጋልና ድንገት እያንዳንዷ ፍሬ ጎልታ እስክትታይ ድረስ ጭምድድ አድርጎ ይይዘዋል፣ በእጅ ሲመታ እንደ ድንጋይ ነው። ለውዝ፣ አጃ፣ የደረቀ ፍራፍሬ፣ የደረቀ ስጋ ላይ ምንም የማወጣለት እንከን የለም። ከአንድ ግዢ ለውዝ ግማሹን ተራ ዚፕ ላስቲክ ውስጥ፣ ግማሹን ቫኩም አድርጌ አንድ ቁምሳጥን ውስጥ አስቀምጬ ነበር (አውቄ ሳይሆን ረስቼው ነው ሃቁን ለመናገር)፣ ከአምስት ወር በኋላ ሳወጣው የዚፑ ያ የቆየ ዘይት ሽታ አምጥቷል፣ የቫኩሙ እንደተገዛ ነው። ቅባትን የሚያበላሸው ኦክስጅን ነው፣ ተራው ላስቲክ ደሞ ውሃ አያሳልፍም እንጂ አየር ቀስ በቀስ ያሳልፋል። የቫኩም ከረጢቶቹ ግን ፖሊኢትሊኑ (ተራው ላስቲክ የሚሰራበት ነገር) ላይ የናይለን ሽፋን ስላላቸው አየሩን ይይዙታል፣ ለዛ ነው ወፈር የሚሉት፣ ዋጋቸውም ለዛ ነው የሚወደደው።

አሁን ወደዛች ጽሁፍ ልመለስ።

ማሽኑ አየር ያወጣል፣ አለቀ። ምንም ነገር አይገድልም። ሁለተኛው ጉዞ ላይ ምን አሰብኩ መሰላችሁ፣ ምስርና ስጋ ቀቅዬ፣ አቀዝቅዤ፣ ቫኩም አድርጌ እንዳለ ልይዘው ነበር፣ አየር ከሌለ አይበላሽም ብዬ። ሰባት ከረጢት አሽጌ ጨርሼ ነበር እኮ። ላብራቶሪ የምትሰራ ጓደኛዬ ለሌላ ጉዳይ ቤት መጥታ ጠረጴዛው ላይ ተደርድሮ አየችውና "ይሄን ፍሪጅ ሳታስገባ ልትይዘው ነው? አብደሃል እንዴ?" አለችኝ። ክሎስትሪዲየም ቦቱሊነም የሚባለው ባክቴሪያ ከሌሎቹ ተቃራኒ ነው፣ አየር አይወድም፣ የሚመቸው አየር የሌለበት፣ እርጥበት ያለው፣ ኮምጣጣ ያልሆነና ቅዝቃዜ የሌለበት ቦታ ነው፣ ማለትም ልክ የኔ ከረጢት። ስፖሩ (ባክቴሪያው ክፉ ጊዜ የሚያሳልፍበት ጠንካራ ዘር መሰል ነገር) ተራ ማፍላትን ይቋቋማል፣ የጣሳ ምግብ ፋብሪካዎች በግፊት 121 ዲግሪ አካባቢ የሚያደርሱት ለሱ ብለው ነው። የሚያወጣው መርዝ ነርቭ ነው የሚይዘው፣ ከሁሉ የሚያስፈራው ደሞ ምግቡ ሳይሸት፣ መልኩም ሳይለወጥ ሊመረዝ መቻሉ ነው። ሰባቱንም ማታውኑ ፍሪዘር አስገባሁና በሳምንቱ ቤት በላኋቸው።

የሚገርመው ይሄ ስህተት የኔ ብቻ አይደለም፣ የትልልቅ ሳይንቲስቶችም ነበር። ፈረንሳዊው ኒኮላ አፔር ምግብ ጠርሙስ ውስጥ አሽጎ በማፍላት የማቆየት ዘዴውን አቅርቦ እ.ኤ.አ. በ1810 ከመንግስት 12 ሺህ ፍራንክ ሲሸለም፣ የዘመኑ አዋቂዎች ምግቡ የቆየው አየር ስለሌለው ነው ብለው ነበር ያስረዱት። ስራውን የሰራው ሙቀቱ መሆኑ የታወቀው ፓስተር ስለ ረቂቅ ተህዋስያን በ1860ዎቹ ካሳየ በኋላ ነው። የኔ ማሽን ካርቶን ግን እስካሁን እዛው የድሮው ላይ ነው ያለው።

ስለዚህ ለጉዞ ምግብ የሚያቆየው ማድረቅ ነው፣ ቫኩሙ የደረቀውን እንደደረቀ መጠበቂያ ነው። መጀመሪያ መግዛት የነበረብኝ ማድረቂያውን ነበር፣ እኔ ተገላቢጦሽ ሄድኩ። ማድረቂያው ላይ ብዙ ነገር አቃጥያለሁ፣ የተማርኩትን ልንገራችሁ። አትክልት 55 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚፈልገው፣ ቶሎ ይድረስልኝ ብላችሁ ሙቀቱን ስትጨምሩት ውጪው ቆዳ ሰርቶ ይደርቅና ውስጡ እርጥበቱን ይዞ ይቀራል፣ በእጅ ሲነካ ደርቋል፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሻጋታ። ስጋ ከሆነ ሳይደርቅ በፊት ውስጡ 71 ዲግሪ እስኪደርስ መብሰል አለበት፣ ዶሮ 74፣ ማድረቂያው ራሱ ቀስ እያለ ያበስለዋል ማለት አይሰራም። ስብ ደሞ አይደርቅም፣ ዝም ብሎ ተቀምጦ ይሸታል፣ ስለዚህ ስብ የሌለው ስጋ ብቻ፣ የተፈጨ ከሆነ አብስላችሁ ዘይቱን በሶፍት ጨምቃችሁ አውጡት። የተቆራረጠ ስጋ አድርቃችሁ ሜዳ ላይ ውሃ ብታፈሱበት ለሰአት ብትጠብቁም ላስቲክ ነው፣ የተፈጨው ግን ይመለሳል፣ ከማብሰላችሁ በፊት ትንሽ የደረቀ ዳቦ ፍርፋሪ ብታሹበት ደሞ የበለጠ ውሃ ይጠጣል። ሩዝና ምስርም ቀቅላችሁ ነው የምታደርቁት፣ ጥሬውን ይዞ ሄዶ እዛ መቀቀል ጋዝ መጨረስ ነው። በዛ ላይ 3000 ሜትር ላይ ውሃ 90 ዲግሪ አካባቢ ላይ ስለሚፈላ ጥሬ ምስር ማታ ጥዳችሁ ተኝታችሁ መነሳት ትችላላችሁ። ተቀቅሎ የደረቀ ሩዝ ግን የፈላ ውሃ ውስጥ ሩብ ሰአት ከተከደነ ይበላል።

ክብደቱ ላይ የሚያመጣው ለውጥ ነው ልብ የሚነካው። ቲማቲም ከ100 እጅ 94 ውሃ ነው፣ አንድ ኪሎ ቆራርጬ አስገብቼ ያወጣሁት 65 ግራም ነበር፣ አንድ እፍኝ። መጀመሪያ ሳየው ማሽኑ በላው ወይ ብዬ ትሪውን ገልብጬ ፈልጌያለሁ።

የደረቀውን ወዲያው አታሽጉት። ማሰሮ የሚያህል የመስታወት ዕቃ ውስጥ ልል አድርጋችሁ ጨምሩትና ከሳምንት እስከ አስር ቀን በየቀኑ እያናወጣችሁ እዩት፣ አንዷ ቁራጭ በደንብ ያልደረቀች ከሆነች እርጥበቷ ለሌሎቹ ይካፈላል፣ መስታወቱ ከውስጥ ላብ ካወጣ ግን ሁሉም ወደ ማድረቂያው ይመለሳል። ይሄን ሳላደርግ በቀጥታ ቫኩም ያደረግኩት ሙዝ አረንጓዴ ሆኖ ነው የተከፈተው፣ አምስተኛው ቀን ላይ፣ ቁርስ ይሆናል ብዬ የምጠብቀው እሱ ነበር።

ዘይትን በተመለከተ፣ አንድ ግራም ቅባት 9 ካሎሪ አለው፣ ስታርችና ፕሮቲን 4፣ ስለዚህ ዘይት አለመያዝ ሞኝነት ነው፣ ግን ከምግቡ ጋር ቀላቅሎ አይደለም። ለብቻው ጠንካራ ጠርሙስ ውስጥ፣ ጠርሙሱ ደሞ ዚፕ ላስቲክ ውስጥ፣ ማታ ድስቱ ላይ ጠብ ማድረግ ነው።

አሁን ማሽኑን ልውቀሰው። የመጀመሪያው መርፌ ነው፣ መርፌ የምለው ፓስታ ነው። ቫኩም ሲጎትት ሹል ነገር ሁሉ ላስቲኩን ከውስጥ ይበሳዋል፣ ፓስታ፣ የደረቀ ስጋ ጫፍ፣ ሩዝም ሳይቀር። ቀዳዳው አይታይም፣ ማታ ድንጋይ የነበረው ጠዋት ትራስ ሆኖ ታገኙታላችሁ። አሁን ሹሉን ነገር መጀመሪያ በሶፍት ጠቅልዬ ነው የማስገባው፣ ሶፍቱም እዛ ይጠቅማል። ካሸግኩ በኋላም ሁለት ቀን ጠረጴዛ ላይ አሳድራቸዋለሁ፣ የላላ ካለ እቤት እያለሁ ልየው ብዬ። ሁለተኛው ዱቄት ነው። የዱቄት ወተት ስታስገቡ ማሽኑ አየሩን ብቻ ሳይሆን ወተቱንም ይስባል፣ ያች ነጭ ጭስ ጎማው ላይ ታርፋለች፣ ከዛ ክዳኑ አይገጥምም፣ አፉም ላይ ዱቄት ስላለ ላስቲኩ በደንብ አይጣበቅም። እኔ ወተቱን በትንሽ ወረቀት ከረጢት አድርጌ እሱን ነው የማሽገው። ቅባት የነካው አፍም እንደዛው ነው፣ የታሸገ ይመስላል ግን ሲጎተት ይላጣል፣ ስለዚህ ስትጨምሩ የላስቲኩን አፍ ወደ ውጪ እጠፉት፣ ሲያልቅ ዘርጉት፣ ደሞ ጎን ለጎን ሁለት ጊዜ አሽጉ።

ሶስተኛው ሽቦው ይግላል። አስር ከረጢት ተከታትሎ መዝጋት አይችልም፣ በየመሃሉ ግማሽ ደቂቃ ካላረፈ ላስቲኩን ከማጣበቅ አልፎ ይቆርጠዋል። የሃያ አራት ከረጢት ስራ አንድ ሙሉ ማታ ወሰደብኝ፣ ጎረቤትም ጩኸቱን አልወደደውም። አራተኛው፣ ኮከቡን ያስቀነሰው ይሄ ነው፣ ክዳኑ ዙሪያ ያለችው የስፖንጅ ጎማ በአስራ አራተኛው ወር ተጨፍልቃ ቀረች፣ እሷ ካልገጠመች ማሽኑ ዝም ብሎ መጮህ ብቻ ነው። ለሻጩ ጻፍኩ፣ ሶስት ሳምንት ቆይቶ ሌላ ሞዴል ጎማ ላከልኝ፣ መልሼ ስጽፍ የላኩልህ ትክክለኛው ነው አለኝ። አጭር መሆኑን በማስመሪያ ፎቶ አንስቼ ላኩ፣ መልስ የለም። ቆርጬ በሁለት ቁራጭ ገጥሜ እየተጠቀምኩ ነው፣ ይሰራል፣ ግን ክዳኑን በሁለት እጅ መጫን አለብኝ።

መንገድ ላይ ደሞ ሌላ ጣጣ አለው። አንዴ ከቀደዳችሁት አይዘጋም፣ ለውዝ ደሞ በአንድ ቁጭታ አይበላም፣ ስለዚህ የተረፈውን የምትከቱበት ዚፕ ላስቲክ መያዝ ግድ ነው። በብርድ የደነዘዘ ጣት አይቀደውም፣ ጫፉን እቤት እያላችሁ በመቀስ ትንሽ ካልሰነጠቃችሁት በጥርስ መቅደድ ነው። ቅርጹም ጡብ ነው፣ ጡብ ከጡብ ጋር ቦርሳ ውስጥ መሃሉ ክፍት ይሆናል። ይሄ በተለይ የድብ መከላከያ በርሜል (ድብ የማይከፍተው ጠንካራ የምግብ ዕቃ) የሚያዝባቸው ቦታዎች ላይ ይብሳል፣ ለምሳሌ አሜሪካ ምዕራብ ያለው ረጅሙ የእግር መንገድ ፓሲፊክ ክሬስት ትሬይል የሴራ ኔቫዳ ተራሮችን በሚያቋርጥበት ክፍል ግዴታ የሆኑ ቦታዎች አሉ፣ በርሜሉ ክብ ነው፣ ዚፕ ላስቲክ ግን አየሩን በእጅ አውጥታችሁ እንደ ትራስ የፈለጋችሁት ጥግ ውስጥ ትገባለች። ቫኩም ሽታውን ከድብ ይደብቃል የሚሉም አሉ፣ ስታሽጉ ምግቡን የነካው እጃችሁ ራሱ ሽታውን ከረጢቱ ላይ ከውጪ ይተዋል እኮ፣ በዚህ አትተማመኑ።

ታዲያ የት ነው የሚጠቅመው ካላችሁ፣ ቀድሞ ተዘጋጅቶ ለሚቆይ ነገር። ያው ፓሲፊክ ክሬስት ወደ 4265 ኪሎሜትር ነው፣ ጨርሶ የሚሄደው ሰው አምስት ወር አካባቢ መንገድ ላይ ስለሆነ አንዳንዱ ምግቡን በካርቶን አሽጎ መንገድ ላይ ወዳሉ ትንንሽ ከተማ ፖስታ ቤቶች ቀድሞ ያስልካል። የመጨረሻው ካርቶን ሲከፈት ምግቡ ከታሸገ ግማሽ አመት ያልፈዋል፣ እዛ ላይ ቫኩም ዋጋውን ያወጣል። ለአንድ ሳምንት ጉዞ ከሆነ ግን ወፈር ያለ የፍሪዘር ዚፕ ላስቲክ ይበቃል፣ አየሩን በመጠጫ ስትሮ ስባችሁ ብትዘጉት የማሽኑን ሰባ በመቶ ታገኛላችሁ (ቁጥሩ የኔ ግምት ነው)።

ሌላ አማራጭ የማይላር ከረጢት (አልሙኒየም የተለበጠበት፣ አየር የማያሳልፍ ላስቲክ) እና ኦክስጅን የምትመጥ ፓኬት ነው፣ ለሚሰባበር ነገር እንደውም እመርጠዋለሁ ምክንያቱም አይጨመድድም። ፓኬቷ ውስጥ ያለው የብረት ብናኝ ነው፣ ሲዝግ ኦክስጅኑን ይበላዋል፣ ከአየር ውስጥ 21 በመቶው ኦክስጅን ስለሆነ ቀሪው ናይትሮጅን እዛው ይቀራል ከረጢቱም ልል ይሆናል። ከማሸጊያዋ እንደወጣች ስራ ስለምትጀምር ሁሉንም አዘጋጅታችሁ ነው የምትከፍቷት፣ እኔ የመጀመሪያውን እሽግ ከፍቼ ስልክ ሳወራ በእጄ ሞቃ ሞቃ አለቀች። ስኳር ጋር አታድርጓት ድንጋይ ታደርገዋለች፣ እርጥብ ምግብ ጋር ደሞ የቅድሙ የቦቱሊነም ወሬ እንዳለ ይመጣል።

እና እባካችሁ ጻፉበት! ማርከር፣ ምን እንደሆነ፣ ስንት ውሃ እንደሚፈልግ፣ የታሸገበት ቀን። የደረቀ ነገር ሁሉ አንድ ነው የሚመስለው። አራተኛ ቀን ጠዋት፣ ዝናብ፣ ጓደኛዬ ሻይ ከወተት አማረኝ ብሎ ከሌሊት ጀምሮ ሲያወራ ነጩን ዱቄት ሁለት ማንኪያ ሙሉ ጨመርኩለት፣ ማማሰል ጀመረ፣ ማንኪያው ቆመ። የድንች ዱቄት ነበር። ጋዝ ስለሌለን ሌላ ማፍላት አልቻልንም፣ በማንኪያ በላው።

ለመግዛት የወሰነ ሰው ካለ፣ የጎማ መለዋወጫ ለብቻው የሚሸጥለትን ሞዴል ፈልጉ፣ ሽቦው ሰፋ ያለ ይሁን፣ ከረጢት ስትገዙ ደሞ አንዱ ጎኑ ሻካራ መስመር ያለው መሆኑን እዩ፣ ለስላሳውን ይሄ አይነት ማሽን አይስበውም። ሮሉን 20 ሳንቲሜትር የሚሰፋውን ውሰዱ፣ 28ቱ ለአንድ ሰው ራት ሰፊ ነው፣ ግማሹን ቆርጣችሁ ነው የምትጥሉት።